ካሜራው የመድረኩን መብራት እንዲመራ ፈለግሁ፤ መብራቱ ግን ራሱን እያየ ያብዳል

ጥላ_አጥማጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁን አንድ ነገር አግዙኝ።

የዳንስ ትርኢት እያዘጋጀን ነው። ከመድረኩ በላይ አንድ ካሜራ ሰቅለናል፤ ዳንሰኞቹን ከላይ ወደ ታች ያያል። ምስሉ በካፕቸር ካርድ (የካሜራ ምስል ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ መሣሪያ) በኩል ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል። በተችዲዛይነር (ምስልን በቅጽበት በሚያቀናብር ሶፍትዌር) ቀለሙንና ድምቀቱን አወጣለሁ። ከዚያ በአርት-ኔት (የመብራት ትዕዛዝ በኔትወርክ መላኪያ) ወደ ኖድ (ትዕዛዙን ወደ ዲኤምኤክስ የሚቀይር ሳጥን)፣ ከኖዱ በዲኤምኤክስ (የመብራቶች መቆጣጠሪያ ምልክት) ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። ከመድረኩ ጀርባ 12 የኤልኢዲ ባሮች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው 16 ፒክስል አላቸው።

የምፈልገው ይህ ነው፦ ዳንሰኛዋ ወደ ግራ ስትሄድ ብርሃኑ ይከተላት፤ ቀይ ቀሚሷ ሲዘረጋ ጀርባዋ ቀይ ይሁን። ቀድሞ የተቀዳ ኪው (የመብራት ለውጥ ትዕዛዝ) አልፈልግም። ዳንሰኞቹ በየምሽቱ አንድ ዓይነት አይጨፍሩም፤ መብራቱም አብሯቸው እንዲለዋወጥ እፈልጋለሁ።

አሁን ግን ተቸግሬያለሁ። ባሮቹ ሲበሩ ወለሉ ይደምቃል፣ ካሜራው የደመቀውን ወለል ያያል፣ ባሮቹን ይበልጥ ያበራል። ወዲያው ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ብርሃኑ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። በብላክአውት ጊዜ፣ መድረኩ ሁሉ መጨለም ሲገባው፣ ባሮቹ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም፤ ጭላንጭል ትቀራለች። ብርሃኑ ከእንቅስቃሴው ኋላ ይቀራል። ቀለሙም ደብዛዛ ነው፤ ቀዩ ቀሚስ ባሮቹ ላይ ሮዝ ሆኖ ይመጣል።

ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ላፕቶፑና ኖዱ የሚገናኙት በዋይፋይ ነው። የፊት መብራቱ በሌላ ኮንሶል (የመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ነው የሚሠራው።

ፒክስል_ቆጣሪ

እንኳን ደህና መጣሽ። ስለ ጭላንጭሏ ልመልስልሽ፤ እሷ ቶሎ ታልቃለች።

ብዙ ካሜራዎች በኤችዲኤምአይ የሚልኩት ምስል ከ0 እስከ 255 ያለውን ሙሉ ክልል አይጠቀምም። ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 አድርገው ይልኩታል። ቴሌቪዥን ይህን ስለሚያውቅ 16ን ጥቁር አድርጎ ያሳያል። ዲኤምኤክስ ግን ቁጥሩን እንዳለ ነው የሚወስደው። ለመብራቱ 16 ማለት ስድስት በመቶ ገደማ ነው። ኤልኢዲ ደግሞ በስድስት በመቶ በደንብ ይታያል፤ በተለይ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ።

ስለዚህ የካፕቸር ካርዱን ሴቲንግ ክፈችና የቀለም ክልሉን እዪ። ካሜራው የሚልከውና ካርዱ የሚቀበለው መመሳሰል አለበት። እዚያ ካልተስተካከለልሽ ተችዲዛይነር ውስጥ የሌቭል ኦፐሬተሩን ተጠቀሚና 16ን ወደ 0፣ 235ን ወደ 255 ዘርጊው። እኔ ከዚያም በላይ አልፌ ከ20 በታች ያለውን ሁሉ 0 አደርገዋለሁ። ካሜራ በጨለማ ውስጥ ኖይዝ (የሚንቀጠቀጡ ነጥቦች) ያመጣል፤ ያ ኖይዝ ባሮቹ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

ፓቹንም (የትኛው መብራት የትኛውን ቻናል እንደሚይዝ) አንድ ጊዜ እዪው። 12 ባር በ16 ፒክስል 192 ፒክስል ነው። በሦስት ቀለም 576 ቻናል (አንዱ ቻናል አንድ የድምቀት ቁጥር ይይዛል) ይሆናል፤ አንድ ዩኒቨርስ፣ ማለት አንድ የዲኤምኤክስ መስመር፣ ደግሞ 512 ብቻ ነው የሚይዘው። 10 ባር 480 ቻናል ይወስዳል። የቀረው 32 ሲሆን አንድ ባር 48 ይፈልጋል። አስራ አንደኛውን ባር ለሁለት አትቁረጪው። 10 ባር በመጀመሪያው፣ 2 ባር በሁለተኛው ዩኒቨርስ ይሁን።

ኬብል_ተሸካሚ

ዋይፋዩን ዛሬውኑ አውጪው። እባክሽ።

አርት-ኔት በዩዲፒ ነው የሚሄደው። የጠፋ ፓኬት ተመልሶ አይላክም። ሶፍትዌርሽ ለሁሉም በብሮድካስት የሚልክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ዋይፋይ ብሮድካስትን በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚልከው፣ መድረሱንም አያረጋግጥም። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ስትለማመዱ ይሠራል። ተመልካቹ ኪሱ ውስጥ ስልኩን ይዞ ሲገባ መብራቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የኔትወርክ ገመድ ዘርጊ፣ ተራ ስዊች አድርጊ፣ ብሮድካስቱን ትተሽ በቀጥታ ወደ ኖዱ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ላኪ።

አሁን መዘግየቱን እንደምር። በሰከንድ 25 ፍሬም ማለት አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ካሜራው ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬም ይባክናል። ካፕቸር ካርዱ እንደዚያው። ሶፍትዌሩ አንድ ፍሬም ይወስዳል። አምስት ፍሬም ብንል 200 ሚሊሰከንድ ሆነ፤ ይህ ገና መብራቱ ጋ ሳይደርስ ነው። ገመዱ ላይ ያለው የኔትወርክ ጊዜ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ዲኤምኤክስ አንዱን ቻናል በ44 ማይክሮሰከንድ ስለሚልክ ሙሉው ዩኒቨርስ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በሰከንድ 44 ጊዜ ብቻ የሚታደሰውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ትልቁ ብክነት ያለው ካሜራውና ካርዱ ላይ ነው። ካሜራሽ በሰከንድ 50 ወይም 60 ፍሬም ማውጣት ከቻለ ወደዚያ ቀይሪው። ከጥራቱ ላይ ቀንሺ፤ 192 ፒክስል ለማብራት 1080 መስመር አያስፈልግሽም። በ50 ፍሬም ያው አምስት ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የባሮቹን ሜኑ ክፈችና የዲመር ሞዱን ተመልከቺ። ብዙ የኤልኢዲ መብራቶች እንደ ድሮው አምፖል ቀስ ብለው እንዲበሩና እንዲጠፉ የሚያደርግ ሞድ አላቸው። እሱ ከተከፈተ ሌላው ሁሉ ፈጥኖ መብራቱ ብቻውን ይጎተታል።

ጋሼ_ዲመር

ልጄ፣ መብራቱ ራሱን የማየቱን ነገር እኔ ላስረዳሽ። ሌሎቹ ችግሮችሽ በሴቲንግ ይፈታሉ። ይህኛው ግን ከአሠራሩ ከራሱ የመጣ ነው።

ማይክራፎን ስፒከር ፊት ስታስጠጊው ምን ይሆናል? ይጮኻል። ያንቺም ካሜራ እንደዚያው ነው። መብራቱ ወደ ምስሉ የሚመልሰው ብርሃን ምስሉ ካዘዘው ከበለጠ እየጨመረ ሄዶ ነጭ ይሆናል። ከፍ ዝቅ የሚለው ደግሞ ካሜራው በራሱ ኤክስፖዠሩን (የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ስለሚያስተካክል ነው። ሲደምቅበት ይቀንሳል፣ ሲጨልምበት ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ አውቶ ኤክስፖዠሩን፣ አውቶ ጌይኑን (ምልክት ማጉያውን)፣ አውቶ ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) ሁሉንም ዝጊ። ሁሉንም በእጅሽ አስተካክለሽ ቆልፊው።

ሥሩን ለመንቀል ከፈለግሽ ግን ካሜራው መብራቱን ጨርሶ እንዳያየው አድርጊ። መንገዱ ኢንፍራሬድ ነው። የኢንፍራሬድ መከላከያ ፊልተር የሌለው ካሜራ ፈልጊ። ሌንሱ ላይ ኢንፍራሬድ ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አድርጊ። ከዚያ መድረኩን በ850 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ መብራት አጥለቅልቂው። የሰው ዓይን አያየውም፤ በቀጥታ መብራቱን ቢያዩት ብቻ ደብዛዛ ቅላት ይታያል። የኤልኢዲ ባሮችሽ ደግሞ ኢንፍራሬድ ከቁጥር የሚገባ አያወጡም። እነሱ ቢበሩ ቢጠፉ ለካሜራው ያው ነው። በጨለማም ቢሆን ዳንሰኞቹን ጥርት አድርጎ ያያቸዋል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የክር አምፖል ያላቸው የድሮ መብራቶች ኢንፍራሬድ በብዛት ያፈሳሉ። የፊት መብራትሽ እነሱ ከሆኑ ካሜራው እነሱን በደንብ ያያል። ሌላው ጨርቅ ነው። ለዓይን ድቅድቅ ጥቁር የሆነ መጋረጃ በኢንፍራሬድ ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው ሠራሽ ጨርቆች እንደዚያ ናቸው። ልብሱንም፣ መጋረጃውንም፣ ወለሉንም ከመወሰንሽ በፊት በዚያው ካሜራ እያንዳንዱን እዪው።

ጥላ_አጥማጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግልጽ ሆነልኝ። ግን በኢንፍራሬድ ካየሁ ቀለም አላገኝም ማለት ነው አይደል? ቀይ ቀሚሱስ?

የፊት መብራቶቹ ደግሞ እርስዎ እንዳሉት የክር አምፖል ናቸው።

ጋሼ_ዲመር

አዎ፣ ኢንፍራሬዱ ቅርጽና ቦታ ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ቀለሙን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብሽ። ሁለተኛ ካሜራ ለቀለም ብቻ መጠቀም ትችያለሽ። ቀለም ቀስ ብሎ ቢለወጥ ማንም አይከፋውም፤ ቦታው ግን ፈጣን መሆን አለበት። ስለዚህ ፈጣኑን ሥራ ለኢንፍራሬዱ፣ ዘገምተኛውን ለቀለም ካሜራው ስጪ። የቀለም ካሜራው ድምቀትን እንዲያዝ አትፍቀጂለት። የቀለሙን ዓይነት ብቻ ውሰጂለት። ድምቀት ከዑደቱ ከወጣ ያ ወደ ነጭ መሮጥ አይኖርም።

የክር አምፖሎቹ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሳይለወጡ የሚቆዩ ከሆነ ችግር የለም። ዳንሰኞቹ ሳይገቡ ባዶውን መድረክ አንድ ፍሬም ያዢና ከሚመጣው ምስል ላይ ቀንሺው። የሚቀርሽ የተለወጠው ብቻ ነው፤ እሱም ሰዎቹ ናቸው። ኮንሶሉ ላይ የፊት መብራት ደረጃ በተቀየረ ቁጥር ግን ባዶውን ፍሬም ማደስ ይኖርብሻል።

ከመጋረጃ_ጀርባ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በሐሳቡ አልስማማም። ለምን ቀጥታ ካሜራ? ጥሩ የቪዲዮ ክሊፕ አዘጋጂ፣ ባሮቹ ላይ በፒክስል ማፒንግ (የቪዲዮውን ነጥቦች ለመብራቶቹ ፒክስሎች በማከፋፈል) አጫውቺው። ማድማፐር እና «ሬዞሉም አሬና» የተባሉት ሶፍትዌሮች ይህን ይሠሩታል። ፕሮጀክተር ካለሽ ደግሞ ወደ እሱ የሚሄደውን ምስል በማክ በሳይፎን፣ በዊንዶውስ በስፓውት፣ ከሌላ ኮምፒውተር ከሆነ በኤንዲአይ ተቀብለሽ ባሮቹን ከእሱ አብሪ። ጀርባው ላይ ያለው ምስልና መብራቱ አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛሉ። ዑደት የለም፣ ኢንፍራሬድ የለም፣ ጭንቀት የለም።

ጥላ_አጥማጅ

የምትለው ለብዙ ሥራ ትክክል ነው። ኮንሰርት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባደረግሁ። የእኛ ዳንስ ግን ግማሹ በቅጽበት የሚፈጠር ነው። አንዷ ዳንሰኛ መሃል ላይ ቆማ እጇን ብቻ በጣም በቀስታ ታነሳለች። በአንዱ ልምምድ ቶሎ ታነሳዋለች፣ በሌላው እስኪጨንቀን ታቆየዋለች። ክሊፕ ያንን አይጠብቅም። ብርሃኑ ከእጇ ጋር ሲነሳ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ወደ ነጭ ከመሮጡ በፊት የነበረችው ቅጽበት ናት። እሷን ነው የምፈልገው።

ፒክስል_ቆጣሪ

እንግዲያው በርቺ። ስለ ቀለሙ ልቀጥል።

ቀዩ ቀሚስ ሮዝ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጋማ ነው። የቪዲዮ ቁጥር ከብርሃን መጠን ጋር ቀጥተኛ አይደለም፤ ወደ 2.2 ገደማ በሆነ ኩርባ የተጠመዘዘ ነው። የምስሉ 128 ስክሪን ላይ የሚሰጠው ብርሃን 22 በመቶ ያህል ነው። ያንኑ 128 በቀጥታ ለኤልኢዲ ስትሰጪው ግን 50 በመቶ ያበራል። ቀሚሱ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 90፣ ሰማያዊ 90 ቢሆን አረንጓዴና ሰማያዊው ከሚገባቸው በላይ ይበሩና ቀዩን ያነጡታል። መፍትሔው ከመላክሽ በፊት ወደ ቀጥተኛ ብርሃን መመለስ ነው። 128 ሲገባ 56 ይውጣ። የባሮቹ ዲመር ከርቭ ደግሞ ሊኒየር (ቀጥተኛ) ላይ ይሁን፤ ስኩዌር (ጥምዝ) ላይ ከሆነ ኩርባው ሁለት ጊዜ ይሠራና ደብዛዛው ቦታ ሁሉ ይጠፋል።

ሁለተኛው አማካይ ነው። አንዱ የባር ፒክስል የሚወክለው የምስሉን ሰፊ ቁራጭ ነው። ያ ቁራጭ ውስጥ ቀሚሱ ትንሽ ነው፣ ወለሉ ብዙ ነው። ሲደባለቅ ግራጫ ያመጣል። እኔ ብሆን ከአማካዩ በፊት የተንቀሳቀሰውን ብቻ እለያለሁ፤ ጋሼ ባሉት ባዶውን ፍሬም የመቀነስ ዘዴ ማለት ነው። ወለሉ ከሒሳቡ ይወጣል። ከዚያ የቀለሙን ሙላት ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ።

ምስሉን ወደ 12 በ16 ስታሳንሺም ተጠንቀቂ። በአንድ ጊዜ ካሳነስሽው ኮምፒውተሩ ከሰፊው ምስል ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ነው የሚያነበው። ዳንሰኛዋ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ፒክስሎቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። መጀመሪያ በብለር አለስልሺው፣ ከዚያ አሳንሺው። ወይም ደረጃ በደረጃ በግማሽ በግማሽ ቀንሺው።

ጋማውን ካስተካከልሽ በኋላ ሌላ ነገር ታያለሽ። የምስሉ ከ0 እስከ 40 ያለው ክልል በሙሉ ከ0 እስከ 4 ባለው ውስጥ ይጨመቃል። ያቺ እጇን በቀስታ የምታነሳዋ ዳንሰኛ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። ብርሃኑ በደረጃ እየዘለለ ሲወጣ ይታያል። ባሮችሽ የ16 ቢት ሞድ (ድምቀቱን በብዙ ደቃቅ ደረጃ የሚከፍል) ካላቸው ወደዚያ ቀይሪያቸው። በአንድ ቀለም ሁለት ቻናል ስለሚሆን አንድ ባር 96 ቻናል ይወስዳል። በአንድ ዩኒቨርስ 5 ባር ይገባል፤ ሦስት ዩኒቨርስ ያስፈልግሻል። ኖድሽ ያንን ያህል መውጫ እንዳለው እዪ። ለእንደዚህ ዓይነት ቀስ ያለ ትርኢት ከዚህ ሁሉ ምክር አስቀድሜ የምመክርሽ ይህንን ነው።

ኬብል_ተሸካሚ

በዚያ ላይ የመነሻና የመውረጃ ፍጥነትን ለዪ። ተችዲዛይነር ውስጥ ለውጥን የሚያለሰልሰው ላግ ቾፕ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለሚጨምር፣ አንዱ ለሚቀንስ። ሲጨምር ፈጣን ይሁን፣ ሲቀንስ ዘገም ይበል። ብርሃኑ ቶሎ ተነስቶ ቀስ ብሎ ሲወርድ ተመልካቹ መዘግየቱን አያስተውልም። ሁለቱንም እኩል ካለሰለስሻቸው ግን ያው ወደ ኋላ መጎተት ይመለሳል።

ጋሼ_ዲመር

አንድ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ካሜራው ይምራ፣ ግን የመጨረሻው ማባዣ በሰው እጅ ይሁን። ከሁሉም ስሌት በኋላ፣ ልክ ወደ ኖዱ ከመላኩ በፊት፣ አንድ ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ መቆጣጠሪያ) ሁሉንም ያባዛው። ከኮንሶሉ በኦኤስሲ ወይም በሚዲ (የመቆጣጠሪያ ምልክት መላኪያዎች ናቸው) ይምጣ፣ ግድ የለም። ፌደሩ ዜሮ ሲሆን ሁሉም ዜሮ ይሁን። ካሜራ አያፍርም፣ አይደነግጥም። አንድ ሰው ባልታሰበ ሰዓት መድረኩን ቢያቋርጥ እሱንም ያበራዋል።

ይህን የምልሽ ብዙዎች ኮንሶሉንና ላፕቶፑን ኖዱ ላይ በማዋሃድ ብቻ የሚፈቱት ስለሚመስላቸው ነው። ኤችቲፒ ላይ ከተዋሃደ ከፍተኛው ያሸንፋል። ኮንሶሉን ዜሮ ብታደርጊውም ላፕቶፑ 200 እስካለ ድረስ መብራቱ አይጠፋም። በአርት-ኔት ፈንታ ኤስኤሲኤን የተባለውን ብትጠቀሚ ቅድሚያ ቁጥር አለው፤ ከ0 እስከ 200 ሲሆን ካልነካሽው 100 ነው። ኮንሶሉን 150 አድርገሽ በጭንቅ ሰዓት ብቻ እንዲልክ ማድረግ ትችያለሽ፤ ያኔ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ይሽረዋል። ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ግን በአንዴ ነው የሚቆርጠው። በየትዕይንቱ ቀስ አድርጎ ለመቀነስ ማባዣው ይሻላል።

የፊት መብራቱን ደግሞ ከካሜራው ጋር አታገናኚው። የሰው ፊት በተረጋጋ ብርሃን ይታይ።

ከመጋረጃ_ጀርባ

ሐሳቤን ባልለውጥም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቀጥታ ምስል ያላሰባችሁትን ብልጭታ ሊያመጣ ይችላል። የሚያብረቀርቅ ልብስ፣ የፎቶ ፍላሽ፣ ስትሮብ፣ ሁሉም ወደ መብራቱ ይገባል። ለብርሃን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ይበልጥ አደገኛ የሚባለው በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ጊዜ ያለው ነው፤ ለድረ-ገጽ የወጣው መመሪያ ግን በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ እንዳይበልጥ ይላል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 በአንድ የቴሌቪዥን ካርቱን ላይ የታየ የቀይና የሰማያዊ ብልጭታ ከ600 በላይ ሰው ሆስፒታል አስገብቷል።

ስለዚህ ብርሃኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከታች ወደ ላይ መዝለል እንደሚችል ገደብ አብጂለት። በተለይ ደማቅ ቀይ ላይ። ያንቺ ትርኢት ደግሞ ቀይ ነው።

ጥላ_አጥማጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ገመድ ዘርግተናል። ካሜራውን ወደ 50 ፍሬም ቀየርነው። ጭላንጭሏ የክልል ሴቲንግ ነበረች፤ ካርዱ ላይ ተስተካከለች። ባሮቹን 16 ቢት ላይ አድርገን በሦስት ዩኒቨርስ ፓች አደረግናቸው። ኢንፍራሬዱን በተዋስነው ካሜራ ሞከርነው፤ ባሮቹ ሙሉ በርተው ምስሉ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ እንዳሉት የጀርባ መጋረጃው በኢንፍራሬድ ነጭ ሆኖ ታየ፤ ካሜራው ከላይ ስለሆነ ጠርዙን በማስክ ቆርጠን አወጣነው። ማባዣውም ገብቷል፤ ፌደሩን የምትይዘው ዳንሱን በደንብ የምታውቀው ረዳቴ ናት።

እጇን ስታነሳ ብርሃኑ አሁን አብሯት ይነሳል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሁለት ዳንሰኞች ሲጠጋጉ ብርሃናቸው ተደምሮ ጀርባው በጣም ይደምቃል። ሁለቱም ሲለያዩ ደግሞ ይደበዝዛል። መሃሉን እንዴት ላግኝ?

ፒክስል_ቆጣሪ

ድምርን ተዪና ከፍተኛውን ውሰጂ። ሁለቱ ሲገናኙ የበለጠው ብቻ ይቆጠራል። ያም ካልበቃሽ ጠቅላላውን ብርሃን በየፍሬሙ ለኪና ከወሰንሽው ጣሪያ በላይ ሲሆን ሁሉንም በእኩል ዝቅ አድርጊ። ዝቅ ማድረጊያው ግን ራሱ ቀስ ይበል፤ አለበለዚያ አዲስ ዓይነት ከፍ ዝቅ ትፈጥሪያለሽ።

ጋሼ_ዲመር

ጣሪያውን ስታወጪ ሁለቱን ዳንሰኞች ተቃቅፈው መሃል ላይ አቁሚያቸው፤ ከዚያ አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሄደሽ ተቀመጪ። ቁጥሩን ከዚያ ሆነሽ ለረዳትሽ ንገሪያት። ላፕቶፑ ጋ ቆመሽ የምትወስኚው ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ደማቅ ይሆናል።